ሙያው በመዝገብ ያልነበረ ተዋናይ፤ የደቡብ አፍሪቃዊው የጆን ካኒ የመድረክ ዘመን

የሰው ልጅ በሥራው ይጠራል። የሚያርሰው ገበሬ፥ ብረት የሚቀጠቅጠው አንጥረኛ፥ የሚያስተምረው መምህር ይባላል። መንግሥትም ሕዝቡን በመዝገብ ሲያሰፍር ከስሙ ቀጥሎ የሚጽፈው ሥራውን ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ሙያ እያለው ሙያው በመዝገብ ስም ባይኖረው ምን ይሆናል? ቀን የሚደክምበትን፥ ሌሊት የሚያስበውን ሥራ ሕግ «እንዲህ ያለ ሥራ ለአንተ አልተፈጠረም» ቢለው በምን ስም ይኖራል? ይህን ጥያቄ የምናነሣው ለፍልስፍና ጨዋታ አይደለም። በአህጉራችን በደቡብ አፍሪቃ በእርግጥ የደረሰ ነገር ነውና። በዚያ አገር በ1970ዎቹ ዓመታት ሁለት ጥቊር ተዋንያን በታላላቅ የዓለም መድረኮች ላይ ሲጨበጨብላቸው፥ በአገራቸው መዝገብ ግን የአንድ ነጭ ቤት አሽከሮች ተብለው ተጽፈው ነበር። ከሁለቱ አንደኛው ጆን ካኒ ይባላል። ታሪኩን ለአንባቢያችን ማቅረባችን ዝናውን ለማስፋት ሳይሆን፥ አንድ ሙያ ስም እስኪያገኝ ድረስ ምን እንደሚከፈልበት ለማሳየት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆናቸውን ካላመለከትን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ የአውሮፓውያን ናቸው።

ቦኒሲሌ ጆን ካኒ በ1940ዎቹ መጀመሪያ፥ በዚያን ጊዜ ፖርት ኤልዛቤት ትባል በነበረችው የወደብ ከተማ አጠገብ፥ ኒው ብራይተን በተባለው የጥቊሮች መንደር ተወለደ። ቤተ ሰቡ ያወጣለት ስም ቦኒሲሌ ነው፤ ዓለም ያወቀው ግን ጆን በሚለው በሁለተኛው ስሙ ነው። በተማሪነቱ የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሣር» ያገኘው በእንግሊዝኛ ሳይሆን ወደ እናቱ ቋንቋ ወደ ኮሳ ተተርጒሞ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሼክስፒር ለእርሱ የገዥዎች ንብረት ሆኖ አልመጣም፤ በአባቶቹ አነጋገር እየተናገረ መጣለት እንጂ። የአገሩ መንግሥት በ1953 ባወጣው የትምህርት ሕግ የጥቊር ልጅ የሚማረው ለጉልበት ሥራ እንዲበቃ ያህል ብቻ እንዲሆን አስቦ ነበር። አንድ መልካም ትርጒም ግን ሕጉ ያላሰበውን በር ከፈተ።

በዚያ ዘመን ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ጥቊር ሰው ሁሉ የይለፍ ደብተር ከኪሱ እንዳይለይ ይገደድ ነበር። ደብተሩ የሰውየውን ፎቶግራፍ፥ የትውልድ ስፍራውን፥ የአሠሪውን ፊርማ፥ በከተማ ለመቀመጥ የተሰጠውን ፈቃድ ይዟል። ፈቃድ የሌለው ጥቊር በከተማ ከ72 ሰዓት በላይ ቢገኝ ይታሰራል፤ ከዚያም ለየነገዱ ወደ ተከለለው መሬት ይባረራል። መጋቢት 21 ቀን 1960 ይህንኑ ሕግ ለመቃወም በሻርፕቪል በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ፖሊሶች ተኲሰው 69 ሰዎች ገደሉ። ሕጉ የተሻረው በ1986 ነው። እንግዲህ ይህ ትንሽ ደብተር ከሰውየው ይልቅ የታመነ፥ ሰውየው ስለ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ የሚሰማ ምስክር ነበር ማለት ነው።

ካኒ ወደ ቴያትር የገባው በ1965 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የኒው ብራይተን ሰዎች ነጭ ደራሲ ከሆነው ከአቶል ፉጋርድ ጋር ሆነው አንድ የቴያትር ማኅበር አቋቊመው ነበር። መጀመሪያ የተጫወቱበት ስፍራ ቀድሞ እባቦች ይጠበቁበት የነበረ ጒድጓድ ስለ ነበረ ማኅበሩ በእባብ ስም ተጠራ። አባሎቹ ቀን በፋብሪካና በየቤቱ ሲሠሩ ውለው ማታ የሚለማመዱ ሰዎች ነበሩ። ካኒም ቀን ቀን በፎርድ የመኪና ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፉጋርድ ደግሞ በ1958 በጆሃንስበርግ ከተማ የይለፍ ሕግ ተላላፊዎች በሚዳኙበት ፍርድ ቤት ጸሓፊ ሆኖ ሠርቶ ነበርና፥ አንድ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንዴት ተፈርዶበት ወደ ወህኒ እንደሚወርድ በዐይኑ አይቷል። የፋብሪካው ሠራተኛና የፍርድ ቤቱ ጸሓፊ አንዱን በደል ከሁለት ወገን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

ካኒ በገባበት ዓመት ማኅበሩ የጥንቱን ግሪካዊ የሶፎክልስን «አንቲጎኔ» ያሰናዳ ነበር። አንቲጎኔ የንጉሡን ትእዛዝ ተላልፋ ወንድሟን የቀበረች፥ በዚህም የተቀጣች ሴት ናት። ማኅበርተኞቹ ግን የጸጥታ ፖሊሶች ዐይን አልተለያቸውም ነበር፤ ከባልደረቦቻቸውም መካከል ተይዘው ወደ ሮበን ደሴት ወህኒ የተላኩ ነበሩ። በዚያም እስረኞች ቴያትሩን በቃላቸው እያስታወሱ ለሌሎች እስረኞች አሳዩት። በዚሁ ደሴት ኔልሰን ማንዴላ ራሳቸው በሌላ ጊዜ በ«አንቲጎኔ» ውስጥ የንጉሡን የክሬዎንን ክፍል ወስደው እንደ ተጫወቱ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። እኚህ ሰው በ1962 ወደ አገራችን መጥተው በኮልፌ የጦር ትምህርት የተማሩ፥ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የወጣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው የተጓዙ መሆናቸውን አንባቢያችን ያስታውሳል። በአገሩ መዝገብ በእውነተኛ ስሙ መኖር የተከለከለ ሕዝብ በተውሶ ስም እየኖረ እውነተኛ ስሙን የሚጠብቅበት ዘመን ነበር።

በ1972 ካኒና የትምህርት ቤት ባልንጀራው ዊንስተን ንትሾና ከፉጋርድ ጋር ሆነው አዲስ ድርሰት ለመሥራት ተነሡ። በእጃቸው የነበረው አንድ የፎቶግራፍ አሳብ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በአንድ እጁ ሲጃራ፥ በሌላው ፒፓ ይዞ በደስታ ፈገግ ያለ ሰው ምስል ነው። ሦስቱ ሰዎች «ይህ ሰው ለምን ፈገግ አለ?» ብለው እየጠየቁ፥ ካኒና ንትሾናም በሕይወታቸው ያዩትን እየተናገሩና እየተጫወቱ፥ ቀስ በቀስ «ሲዝዌ ባንሲ ሞቷል» የተባለውን ቴያትር አበጁ። በመጀመሪያ ድርሰቱን በጽሑፍ አላሰፈሩትም። ያልተጻፈውን ነገር የሳንሱር ሹም ሊያግደው አይችልምና። መዝገብ ጠላት በሆነበት አገር የተዋናይ መሸሸጊያ የገዛ ራሱ ቃል ሆነ።

የቴያትሩ ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። ካኒ በኒው ብራይተን ትንሽ ፎቶግራፍ ቤት የከፈተ ስታይልስ የሚባል ሰው ሆኖ ይገባል። ስታይልስ ቀድሞ የፎርድ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ታላቁ የፋብሪካው ጌታ ከአሜሪካ ይመጣል በተባለ ጊዜ ግድግዳው እንዴት እንደ ተቀባ፥ ወለሉ እንዴት እንደ ታጠበ፥ ሠራተኛው አይቶት የማያውቀው የደኅንነት ልብስ እንዴት ከየጓዳው እንደ ወጣ፥ ጌታው ግን ገብተው ወዲያው እንደ ወጡ ይተርካል። ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ ሲዝዌ ባንሲ ለሚስቱ የሚልከውን ፎቶግራፍ ሊነሣ ይመጣል፤ ሳቁም ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ሲዝዌ ከከተማው እንዲወጣ በደብተሩ ላይ ታትሞበታል። አንድ ሌሊት እርሱና ባልንጀራው ቡንቱ በጎዳና ወድቆ የሞተ ሰው ያገኛሉ፤ ሟቹ በከተማ ለመሥራት የሚያስችል ደብተር ይዟል። ቡንቱ የሲዝዌን ፎቶግራፍ ከሟቹ ደብተር ላይ ለጥፎ «ከእንግዲህ አንተ ይህ ሰው ነህ፤ ሲዝዌ ባንሲ ሞቷል» ይለዋል። ሲዝዌም ያመነታል። ልጆቹ በማን ስም ይጠራሉ? ሚስቱስ የማን ሚስት ትባላለች? በኮሳ ቋንቋ «ሲዝዌ» ማለት ሕዝብ፥ አገር ማለት ነውና፥ ሞተ የተባለው አንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ የአገሩ ተመልካች አልሳተውም።

ይህ ቴያትር በጥቅምት ወር 1972 በኬፕ ታውን «ዘ ስፔስ» በሚባል ትንሽ ቴያትር ቤት ታየ። ቤቱ ነጩንና ጥቊሩን በአንድነት ለማስቀመጥ ሲል የአባሎች ክበብ ነኝ ብሎ ሕጉን ይሸሽ ነበር። ካኒና ንትሾናም ሌላውን ሥራቸውን ትተው በተዋናይነት ብቻ ለመኖር ቈረጡ። ቀደም ብለን ያነሣነው ጥያቄ በእነርሱ ላይ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። አሠሪ የሌለው ጥቊር በከተማ መቀመጥ አይችልም፤ «ተዋናይ» የሚባል ሥራ ደግሞ ለጥቊር ሰው በመዝገቡ ላይ የለም። ስለዚህ ሁለቱም በፉጋርድ ቤት አሽከርነት ተመዘገቡ። ማታ በመድረክ ላይ በሞተ ሰው ስም ስለሚኖር ሰው እየተጫወቱ፥ ቀን በኪሳቸው የያዙት ደብተር የማይሠሩትን ሥራ ይመሰክር ነበር። ብዙ ተዋንያን የማያውቁትን ሰው ጠባይ ለመልበስ ይደክማሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን የተጫወቱት የገዛ ኪሳቸውን ምስጢር ነው። ያጨበጨበው ሕዝብ የተዋንያኑን ችሎታ ሲያደንቅ ምን ያህሉ እውነት እንደ ሆነ ሳያውቅ የቀረ ብዙ ነበር።

በ1973 ሁለተኛው ሥራቸው ቀረበ። ይኸውም በባልደረቦቻቸው የወህኒ ኑሮ ላይ የተመሠረተው፥ ሁለት እስረኞች በሮበን ደሴት «አንቲጎኔን» ለመጫወት ሲዘጋጁ የሚያሳየው «ደሴቱ» ነው። የወህኒ ቤትን ነገር በአደባባይ መግለጥ በሕግ የተከለከለ ስለ ነበረ መጀመሪያ የታየው በሌላ ስም ነው። በዚያው ዓመት «ሲዝዌ ባንሲ» በለንደን በሮያል ኮርት ቴያትር ታየ፤ በ1974 ሁለቱም ሥራዎች ኒው ዮርክ ገብተው በብሮድዌይ ቀረቡ። በ1975 ካኒና ንትሾና የቶኒ የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ድርሰቶቹም ሲታተሙ የሦስቱም ሰዎች ስም በደራሲነት ተጻፈ። ነጩ ደራሲ ክብሩን ብቻውን አልወሰደም፤ ይህ ሊመሰገንለት የሚገባ ነው።

በውጭ አገር መቅረት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የጠበቃቸውም ጭብጨባ አይደለም። በጥቅምት 1976 በትራንስካይ «ሲዝዌ ባንሲን» ከተጫወቱ በኋላ ተይዘው ለየብቻቸው በእስር ቤት ተዘጉ። ትራንስካይ የደቡብ አፍሪቃ መንግሥት በዚያው ወር «ነጻ አገር» ብሎ ያወጀው፥ ከራሱ ከአዋጁ ባለቤት በቀር ማንም መንግሥት ያላወቀው ክልል ነበር። በቴያትሩ ውስጥ በዚህ በሐሰተኛ ነጻነት ላይ የሚሣለቅ ንግግር አለ። ሹማምንቱ ቀልዱን ተረድተውታል ማለት ነው። በለንደንና በሌላም ስፍራ የሙያ ባልደረቦቻቸው ሰልፍ ወጥተው ስለ ጮኹ ጥቂት ሳምንታት ሳይሞላ ተፈቱ።

ያው 1976 ለደቡብ አፍሪቃ የቴሌቪዥን ዓመትም ነው። ያ ሀብታም አገር መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው ጥር 5 ቀን 1976 ነው። የእኛ አገር ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. እንደ ተጀመረ ስናስታውስ፥ ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪቃን በ11 ዓመት ያህል መቅደሟን እናያለን። የዘገየው በገንዘብ እጥረት አይደለም። የውጭው ዓለም ምስል በየቤቱ ገብቶ የዘር ልዩነትን ግድግዳ ያናጋል ብለው ሹማምንቱ ስለ ፈሩ ነው። መስኮቱ ሲከፈትም የመንግሥት መስኮት ሆኖ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ሰኔ 16 ቀን የሶዌቶ ተማሪዎች ተነሡ፤ ከጥቂት ቀናትም በኋላ በጆሃንስበርግ በአሮጌ የፍራፍሬ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ማርኬት ቴያትር ተከፈተ። መሥራቾቹ ባርኒ ሳይመንና ማኒ ማኒም ለሁሉም ዘር ክፍት አደረጉት። ካኒ ከዚያ ወዲህ የኖረው በዚህ ቤት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በዚሁ ቤት በ1987 ጃኔት ሱዝማን ያዘጋጀችው የሼክስፒር «ኦቴሎ» ታየ። ጥቊሩን የጦር አለቃ የተጫወተው ካኒ ነው። አንባቢያችን የዚህን ነገር ክብደት እንዲረዳው ጥቂት እናስታውስ። በእንግሊዝ አገር ታላቁ ተዋናይ ሎረንስ ኦሊቪየ በ1964 ኦቴሎን የተጫወተው ሰውነቱን ጥቊር ቀለም ተቀብቶ ነው፤ ከእርሱ በፊት ግን በ1943 ጥቊሩ አሜሪካዊ ፖል ሮብሰን በብሮድዌይ ያለ ቀለም ተጫውቶት ነበር። በእኛም አገር በ1960ዎቹ ዓመታት የጸጋዬ ገብረ መድኅን የአማርኛ «ኦቴሎ» በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ሲታይ የኦቴሎ ጥቊረት ለማንም አላስደነቀም፤ እኛ የተመለከትነው ቅናቱን ነው። በደቡብ አፍሪቃ ግን ጥቊር ተዋናይ በዚህ ክፍል ሲታይ የካኒ የመጀመሪያው ነበር። በነጭና በጥቊር መካከል ፍቅርን የሚከለክለው ሕግ የተሻረ ከሁለት ዓመት ወዲህ ብቻ ነው፤ አገሩም በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረ። ካኒ ለልምምድ ሲመጣ የወታደሮችን ኬላ እያለፈ ነው፤ ማታ ግን የነጭዋን የዴስዴሞናን እጅ በአደባባይ ይስማል። ተቈጥተው ከአዳራሹ የወጡ ነበሩ። የቀሩትም በሼክስፒር ቃል የራሳቸውን አገር ታሪክ ሰሙ፤ ኢያጎ በኦቴሎ ላይ የሚረጨው መርዝ በየቀኑ በጋዜጣቸው የሚያነቡት ነበርና።

ይህ «ኦቴሎ» በቴሌቪዥን ካሜራ ተቀርጾ በ1980ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር «ቻነል ፎር» በተባለው ጣቢያ ታየ። ስለ መድረክና ስለ ቴሌቪዥን ብዙ ክርክር እንሰማለን። የመድረክ ጥበብ ከመጋረጃው ጋር ይወድቃል፤ ነገ የሚታየው የዛሬው አይደለም። «ሲዝዌ ባንሲ» በዚያ በትንሹ ክበብ በታየበት በመጀመሪያው ሌሊት የነበረው ትንፋሽ ዛሬ በየትም አይገኝም። ቴሌቪዥን ግን ይጠብቃል። ሆኖም ቀረጻው የያዘው ተዋናዩን እንጂ ተመልካቹን አይደለም፤ አንዱ ከወንበሩ ተነሥቶ ሲወጣ ሌላው እያለቀሰ ሲቀር የተሰማውን የወንበር ድምፅ ካሜራው አላየውም። ስለዚህ ሁለቱን ማበላለጥ አይገባንም። የካኒ ዘመን የሚያስተምረን እንዲህ ነው፤ መስኮቱ በመንግሥት እጅ በነበረ ጊዜ እውነት በመድረክ ላይ ተጠለለ፤ መድረኩ ያፈራውን ደግሞ የባዕድ አገር መስኮት ለትውልድ አቈየው።

በ1994 የነጮች ብቸኛ አገዛዝ ወደቀ። ብዙ የትግል ዘመን ደራሲዎች ከዚያ በኋላ የሚጽፉት አጡ፤ ጠላታቸው ብርዕ ሆኗቸው ነበርና። ካኒ ግን በ2002 «ከእውነት በቀር ሌላ አይደለም» የሚል ድርሰት አወጣ። ይህ ብቻውን የጻፈው የመጀመሪያው ቴያትሩ ነው። ወንድሙ በ1985 በፖሊስ ጥይት ተገድሎ ነበር። ድርሰቱ ግን በገዳዩ ላይ የተጮኸ ጩኸት አይደለም። የሚናገረው ሲፎ ስለ ሚባል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው፤ ይህ ሰው በስደት የሞተውን ዝነኛ ወንድሙን ሬሣ ሲጠብቅ በአመድ መልክ ይመጣለታል። ሁሉም ጀግናውን ሲያወድስ፥ ሲፎ ቤት ጠባቂ ሆኖ የቀረ፥ ግብር የከፈለ፥ በሰልፉም የተሰለፈ፥ ስሙን ግን ማንም የማያነሣው ሰው ነው። የሚገባውን ሹመት እንኳ በነጻነት ጊዜ ሳያገኝ ይቀራል። ካኒ በአገዛዙ ላይ የጠየቀውን የስም ጥያቄ አሁን በነጻው አገር ላይ ጠየቀ። ይህ ድፍረት ከቀድሞው አያንስም። ከድርሰቱ የሠራው ፊልም በ2009 በዋጋዱጉ የፊልም በዓል የብር ሽልማት አገኘ፤ ወርቁን በዚያው ዓመት የወሰደው የወገናችን የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እንደ ነበረ ስንጽፍ ደስ ይለናል።

በሽምግልናው ዘመን ዝናው እንደገና ሰፋ። በ2016 በወጣ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ የአንዲት ምናባዊት አፍሪቃዊት አገር ንጉሥ ሆኖ ሲጫወት፥ ንጉሡ በኮሳ ቋንቋ እንዲናገር አሳብ ያቀረበው እርሱ ነው። በልጅነቱ ሼክስፒርን የተቀበለበትን ቋንቋ በዚህ አኳኋን ለዓለም መለሰው። በ2019 ደግሞ «ኩኔኔና ንጉሡ» በተባለው ድርሰቱ ከአንቶኒ ሼር ጋር በሼክስፒር የትውልድ ከተማ በስትራትፎርድ ተጫወተ። ባልንጀራው ዊንስተን ንትሾና በ2018፥ አቶል ፉጋርድ በ2025 ዐረፉ። ያን ፎቶግራፍ እየተመለከቱ «ለምን ፈገግ አለ?» ካሉት ከሦስቱ የቀረው እርሱ ብቻ ነው።

በማርኬት ቴያትር ዋናው አዳራሽ ዛሬ የጆን ካኒ ቴያትር ይባላል። በመዝገብ አሽከር ተብሎ የተጻፈው ሰው ስሙ በቴያትር ቤት ደጃፍ ላይ ተጻፈ። ይህን ግን እንደ ተረት መጨረሻ አድርገን ልንዘጋው አንወድም። በእነዚያ ዓመታት በእርሱ ችሎታ ልክ የነበሩ፥ ነገር ግን የሚያስመዘግባቸው ሰው ያላገኙ፥ ወደ ፋብሪካ ተመልሰው ስማቸው ያልተሰማ ስንት ነበሩ? ስማቸው በየትኛውም ደጃፍ ላይ የለም።

እኛም በአገራችን ይህን ነገር በሩቅ እንዳናየው ይገባናል። በኢትዮጵያ የይለፍ ደብተር አልነበረም፤ ሆኖም አዝማሪ የሚለው የሙያ ስም ለስድብ ሲውል ኖሯል። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴያትር፥ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ፥ በመኳንንቱ ፊት ታይቶ እንዲታገድ ተደርጓል። በመድረክ ላይ የወጡት ቀደምት ሴቶችና ወንዶች ከዘመዶቻቸው የሰሙት ነቀፌታ በወግ የሚነገር ነው። በዩኒቨርሲቲያችን የቴያትር ትምህርት ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ የቆመው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። እንግዲህ ሙያን ስም የሚነሣው ሕግ ብቻ አይደለም፤ የሰፈር አፍም ይነሣል። መዝገብ የምትይዙ ሹማምንት፥ ልጆችን የምታስተምሩ መምህራን፥ ሙያ ለመምረጥ የምታስቡ ተማሪዎች ሁሉ ይህን ብታስቡ መልካም ነው። አንድ ወጣት ቀርቦ ሥራው ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ «ተዋናይ ነኝ» ቢል፥ ብርዑን የያዘው ሰው ሳይሥቅና ሌላ ቃል ሳይፈልግ ይጻፍለት።